«ተረጋግታለች» ሲለኝ የሰማሁት

ልጄ ከበርጩማዋ ስትነሳ በርጩማው ቀይ ነበር።

ተቀምጣ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ስምንት ወሯን ልትደፍን ጥቂት ቀን ነው የቀራት። እጇን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ እንደ ልማዷ «ኡፍ» ብላ ቀና አለች። እኔ የወተት ቅል እያጠብኩ ነበር። መጀመሪያ በርጩማውን አየሁ፣ ቀጥሎ የቀሚሷን ኋላ። ቅሉ ከእጄ ወደቀ።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

ዞር ብላ አየችውና፣ «እንጃ እማዬ። ምንም አያመኝም እኮ» አለችኝ።

ያስፈራኝ ይኼ ነው፤ አለማመሙ። ደም ከሕመም ጋር ሲመጣ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ሕመሙ ራሱ ይናገራል፤ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ መቼ ውሃ መጣድ እንዳለብን ይናገራል። ያለ ሕመም የሚመጣ ደም ግን «ቤቶች» ሳይል ዘው ብሎ እንደሚገባ ሰው ነው። ምን ፈልጎ እንደመጣ አይታወቅም። እሷ ቆማ እኔ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከጂንካ በታች፣ ካኮ ነው። ባለቤቴ ቤት ሠሪ ነው፤ ጉድጓድ ምሶ ምሰሶ ያቆማል፣ ማገር ይማግራል። እኔ እርጎ እሸጣለሁ። ሰኞ ሰኞ የበና ሴቶች ወተት በቅል ይዘው ይወርዳሉ፤ ከእነሱ ተቀብዬ፣ በታጠነ ቅል ሞልቼ፣ ጓዳ ጥግ አስቀምጠዋለሁ። ሲረጋ ለሾፌሩም ለአስተማሪውም የምሸጠው እሱን ነው። ልጃችን አንድ ናት። ባሏን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ሰሜን ነበር። ደብዳቤው ከቆመ ብዙ ወር ሆኖታል። ስለዚህ እርግዝናዋን ይዛ እኛ ቤት ገባች።

እኔ አሪ ነኝ፤ አማርኛ የለመድኩት ገበያ ላይ ነው። በኋላ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ፊደሉን ቆጠርኩ፣ የታተመ ጽሑፍ ቀስ ብዬ ማንበብ ቻልኩ፤ ትምህርቴ ይኸው ነው። ይህንንም የምጽፈው እንደምናገረው አድርጌ ነው። ስለዚህ አማርኛዬን ከማን እንደተማርኩ ብናገር አላፍርም። «ረጋ» የሚለውን ቃል ያስተማረኝ ወተት ነው። ወተት ካልነኩት ይረጋል። ከነኩት፣ ከወዘወዙት፣ ክዳኑን እየከፈቱ ካዩት ውሃው ለብቻ ሌላው ለብቻ ሆኖ ይቀራል። በቀን ስንት ጊዜ «አትነካኩት፣ ይርጋበት» እላለሁ። በአሪኛ ለወተት የምንለውን ለሰው አንልም። አማርኛ ግን ለሁሉም አንዱን ቃል ይዞ ይዞራል።

ሌላም የማውቀው «መርጋት» አለ። ከዚህች ልጅ በፊት አራት ፅንስ ወርዶብኛል። ባልቴቶቹ በየጊዜው እየመጡ «አልረጋልሽም» ይሉኝ ነበር። አምስተኛውን ስይዝ አማቴ አስተኛችኝ። ውሃ አትቀጂ፣ ማገዶ አታንሺ፣ ወደ ጎንም ቀስ ብለሽ ዙሪ አለችኝ። ወራት ተኛሁ። ያችን ልጅ ወለድኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢመጣ ከዚህ ሊያናውጠኝ አይችልም ነበር፤ የሚረጋ ነገር ካልነኩት ነው የሚረጋው።

ያ ግንቦት ደግሞ መንግሥት የተለወጠበት ግንቦት ነው። እኛ ምን እናውቃለን። የቀበሌው ሊቀመንበር ሬዲዮውን ሰምቶ ይወጣና «ሁኔታው የተረጋጋ ነው፣ ሕዝቡ ተረጋግቶ ሥራውን ይሥራ» ይለናል። በማግስቱም ያንኑ ይለናል። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ መዶሻውን ይዞ ቆሞ ሰማውና እየሄደ «የቆመ ምሰሶ ቁም አይባልም» አለኝ። እሱ ብዙ አይናገርም፤ ያን ቀን ግን ይህን ተናገረ፣ እኔም ከሬዲዮው ይልቅ በእሱ አነጋገር ፈራሁ። መንገዱ ላይ ወታደሮች መሣሪያቸውን እንደያዙ በእግር ወደ ታች እየወረዱ ነው ይባላል። መኪና ያገኙ እንደሆነ ሰውን አስወርደው ይሳፈራሉ ይባላል። ቀይ አፈር ከተማ ላይ እንዲህ ሆነ፣ አልዱባ ላይ እንዲያ ሆነ ይባላል። ያየ ግን የለም። ሁሉም የሰማ ነው።

ልጄ የደማችው ማክሰኞ ነው። ባለቤቴ ከጎረቤት ሦስት ሰው ጠርቶ ቃሬዛ አሠሩና ተሸክመዋት ወደ ክሊኒክ ሄድን። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው መንገዱ። እኔ ከኋላ እየሄድኩ መሬቱን አያለሁ፤ ጠብታ ቢኖር ብዬ። አንዳንዴ ቀይ ድንጋይ አይቼ ጎንበስ ብዬ እነካዋለሁ።

ክሊኒኩ ውስጥ ያለውን ሰው ሁላችንም ዶክተር እንለዋለን። እሱ «ድሬሰር ነኝ፣ ዶክተር አትበሉኝ» ይላል፤ ማንም አይሰማውም። ወጣት ነው፣ ሲናገር ይፈጥናል። ግሉኮስ ሰቀለላት፣ ክንዷን አስሮ ለካ፣ ሆዷ ላይ ጆሮውን አድርጎ ብዙ ጊዜ ቆየ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ፊቱን አያለሁ። ግሉኮሱ ካለቀ በኋላ እንደገና ለካ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«እናት፣ ደሙ ቆሟል፣ ፕሬዠሯም ጥሩ ነው። አሁን ተረጋግታለች» አለኝ።

ተንፈስ አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን በአንድ ጆሮዬ ሰማሁት። ጂንካ ሐኪም ቤት የሚል ነገር አለ። ከባድ ነገር እንዳታነሳ አለ። ብዙ እንዳትንቀሳቀስ አለ። አንድ ወረቀት ጻፈና ሰጠኝ። የታተመ ቢሆን እየቆጠርኩ አነበው ነበር፤ የሐኪም እጅ ጽሑፍ ግን ለእኔ የጉንዳን መንገድ ነው። አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

እኔ የሰማሁት ሁለት ነገር ነው። ረግታለች። አትንኳት። ሁለቱ ደግሞ ከማውቀው ጋር ገጠሙ፤ እንደ ቅልና ክዳን ልክ ሆኑ። ጂንካ የሚለው ለእነዚህ ለሁለቱ የማይስማማ ሆኖ ተገኘና ከመካከል ወጣ።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ፣ «ዶክተሩ ጂንካ ያለ መስሎኝ?» አለኝ።

«ካልረጋች ነው ያለው» አልኩት።

ድሬሰሩ ይህን አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት። መዋሸቴን በዚያ ሰዓት አላወቅሁትም፤ የሰማሁት መሰለኝ። አሁን ሳስበው ግን ቃሉን ብቻ አልነበረም የምሰማው። መንገዱን ፈርቻለሁ። ወታደሩን፣ ጎርፉን፣ መንገጫገጩን ፈርቻለሁ። ሰው ለፈራው ነገር ቃል ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ ተከናንቦት ይተኛል።

ስለዚህ ልጄን አስተኛኋት። ጓዳ፣ ቅሎቼ ካሉበት ጥግ አጠገብ፣ ጨለም የሚለው ቦታ ላይ። ዶሮዎቹን አስወጣሁ። ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ በር ላይ እያቆምኩ እመልሳለሁ። ትራሷን ስታስተካክል እንኳ «ተይ፣ እኔ» እላለሁ። በሰዓት በሰዓቱ ጨርቁን እያነሳሁ አያለሁ፤ ነጭ ነው። ነጭነቱን ሳይ ደስ ይለኝና ወዲያው ደግሞ፣ አሁን ስላየሁት ይበላሽ ይሆን ብዬ እፈራለሁ። እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።

ልጄ ግን ቀልደኛ ናት፤ በሁለተኛው ቀን፣ «እማዬ፣ በቃ ክዳን አድርጊብኝና ከቅሎቹ ጋር ደርድሪኝ። ሰኞ አብረሽ ትሸጪኛለሽ» አለችኝ።

«ዝም በይ፣ ስትስቂም ሆድሽ ይነቃነቃል» አልኳት። ይህን ስላት ባሰባት፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። እኔ ሆዷን አይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከታች የመኪና ድምፅ ሰማን። በዚያ ሰሞን ብርቅ ነው። ወደ ጂንካ የሚወጣ ነበር፤ ዳገቱ ላይ ሲያጓራ፣ ማርሽ ሲቀይር ይሰማል። ልጄ አንገቷን ቀና አደረገች።

«እማዬ፣ መኪና ነው።»

«ይሂድ» አልኳት።

ድምፁ ዳገቱን ወጥቶ ጠፋ። ባለቤቴ ደጅ ቆሞ ነበር፤ ወደ ውስጥ አየኝ፣ ምንም አላለም። ያ ዝምታው ዛሬም ያቃጥለኛል። «አይሆንም፣ ትሂድ» ቢለኝ ኖሮ ብዬ ስንት ቀን ተቆጣሁት። ግን ምን ይበል? ዶክተሩ ያለውን የሰማሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ የገበያ ቀን ነው። የበና ሴቶች ወተታቸውን ይዘው ጠዋት ስለሚመጡ፣ ባለቤቴን ከልጄ ጋር አስቀምጬ ለአንድ ሰዓት ብዬ ወጣሁ። ገበያው ሳስቶ ነበር፤ ነጋዴዎቹ ሱቃቸውን በግማሽ ከፍተው በር ላይ ይቆማሉ። ወተቱን እየተቀበልኩ ሳለ ድሬሰሩ መጣ። እርጎ ጠየቀኝ፣ ቀዳሁለት። ገና አንድ ጊዜ ጎንጨት ሳይል፣ «ልጅሽስ? ጂንካ ምን አሏት?» አለኝ።

ፈገግ አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምመካበት ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። «ጂንካ ምን ታደርጋለች፣ ቤት ናት እንጂ። አንተ እንዳልከኝ አላንቀሳቀስኳትም። አንዲት ጠብታ አልታየችም፤ ረግታለች» አልኩት።

ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠው።

«እኔ ምን ነበር ያልኩሽ?»

«ተረጋግታለች አልከኝ።»

«አዎ፣ ብያለሁ። ተረጋግታለች ማለት እኮ መንገድ ትችላለች ማለት ነው። ደሙ ጋብ ባለበት ሰዓት አሁኑኑ ውሰዷት ማለት ነው፣ እናቴ። ያደማት ነገር እዚያው አለ። የእንግዴ ልጁ ከሕፃኑ ቀድሞ በሩ ላይ የተቀመጠ ይመስለኛል። እንደገና ሲመጣ እኔ የማቆምበት ነገር የለኝም።»

ቆሜ ነበር የምሰማው። ሴቶቹ ወተታቸውን እንደያዙ ያዩኛል። እኔ ስድስት ቀን ሙሉ እንዳይነካ ስጠብቀው የነበረው፣ ለካ የተሰጠኝ የመንገድ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ነጭ ጨርቅ «ሂጂ» ሲለኝ ነበር። እኔ «ተቀመጪ» ያለኝ መስሎኝ ነበር።

ድሬሰሩ ፊቴን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም ቸኩዬ ይሆናል፣ በደንብ ላስረዳሽ ይገባ ነበር። አሁን ግን መኪና ፈልጊ» አለኝ።

የት አባቴ ልፈልግ። አንድ የማውቀው ሾፌር ነበር፤ የመሐል አገር ሰው፣ በቆሎ ሊጭን የሚመጣ፣ የዘወትር ደንበኛዬ። እርጎዬን ሲጠጣ ሁልጊዜ «እትዬ፣ ይኼን በእኛ መንገድ ብትልኪው ቅቤ ሆኖ ይደርሳል» እያለ ይቀልድብኛል። በዚያ ሳምንት መኪናውን ወታደር እንዳይወስድበት ብሎ ከአንድ ሰው ጓሮ አስገብቶ በእንሰት ቅጠል ሸፍኖት እንደተቀመጠ ሰምቼ ነበር። ሮጥኩ። እድሜዬን ረስቼ ሮጥኩ። ቅጠል የለበሰው መኪና ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ተቀምጦ አገኘሁት።

ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። አዘነ፤ ማዘኑ ይታያል። ግን ራሱን ነቀነቀ። መኪናው የእሱ አይደለም፣ ባለቤቱ ለእሱ አደራ ብሎ የሰጠው ነው። ከወሰዱበት ጠፋ ማለት ነው። ደግሞ እሱም ሚስትና ልጆች አሉት። ይህን ሁሉ ነገረኝ፤ ውሸት አልነበረበትም። በመጨረሻ፣ «እትዬ፣ ትንሽ ይረጋጋ። አንድ ሳምንት ታገሽኝ፣ ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ» አለኝ።

«ልጄ፣ ያንተ መረጋጋት እስኪመጣ የእኔዋ አፈር ውስጥ ትረጋለች» አልኩት።

ይህን ያልኩት ላሳዝነው ብዬ አልነበረም። ከአፌ ነው የወጣው። እሱ መሬት መሬት አየ። ጣቱን ምንጣፉ ላይ እያሻሸ ቆየና ተነሳ።

«ቅጠሉን አንሱልኝ» አለ።

ባለቤቴና ጎረቤቶቹ ልጄን በቃሬዛ አመጡ። መኪናው ላይ የበቆሎ ጆንያ ተደርድሯል። ባለቤቴ ቦታ ላድርግላት ብሎ ጆንያውን ማውረድ ሲጀምር ሾፌሩ ጮኸበት።

«ተው ተው ጋሼ፣ አታውርድ። ባዶ መኪና እንደ ፍየል ነው የሚዘለው። እሷን የሚያረጋት ጭነቱ ነው።»

ስለዚህ ጆንያው ላይ ገለባ ጎዘጎዝን፣ በላዩ ፍራሽ አነጠፍን፣ እሷን አስተኛናት። እኔ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ባለቤቴ በእግሯ በኩል ገመድ ይዞ ተቀመጠ። ተነሳን። መጀመሪያ ላይ ጆንያዎቹ ይንሸራተታሉ፣ እኔ በየጉድጓዱ «ኢየሱስ» እላለሁ። ጥቂት እንደሄድን ሾፌሩ አቆመና ወርዶ ገመዱን እንደገና ወጠረው። ለምን አልኩት። ጭነት እንደተጫነ አይረጋም፣ ከተንገጫገጨ በኋላ ነው ቦታ ቦታውን የሚይዘው፤ ያኔ ነው የሚጠብቀው አለኝ። እውነትም ከዚያ በኋላ ጆንያው ዝም አለ።

እዚያ ላይ ሆኜ፣ ልጄን እንደያዝኩ፣ በሆዴ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም። ወተት ሳይነካ ይረጋል፤ ጭነት ተንገጫግጮ ይረጋል፤ በሽተኛ ተረጋጋች ሲባል ደግሞ አንስታችሁ ሩጡ ማለት ነው። አንድ ቃል ነው። የተማረ ሰው በየቦታው ምን ማለት እንደሆነ ያውቅ ይሆናል። እኔ ግን ያንኑ አንዱን ከጓዳዬ ይዤ ወጥቼ በልጄ ላይ አዋልኩት።

ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ልጄ እጄን ጨመቀችው።

«እማዬ፣ ሞቀኝ። እዚህ» አለችኝ።

ጋቢውን ገለጥኩ። እንደ ማክሰኞው አልነበረም። የማክሰኞው ጠብታ ነበር፤ ይኼ የሚፈስ ነው። አሁንም ሕመም የለውም። ባለቤቴ አይቶ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። እኔ የጋቢናውን ጣሪያ በመዳፌ ደበደብኩት። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ፣ አየኝ፣ ምንም ሳልለው ገባው። ያን መንገድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የነዳበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ሞልቶ አገኘነው። ቡናማ ውሃ ነው፣ ቅርንጫፍ ይዞ ይወርዳል። ሾፌሩ ወርዶ ዳር ቆሞ እያየ ሳለ ከማዶ ካለው ቁጥቋጦ ወታደሮች ወጡ። ስምንት ይሆናሉ፣ ዘጠኝ ይሆናሉ፤ አልቆጠርኳቸውም። ጫማ የሌለው አለ። አንዱ መሣሪያውን ወደ እኛ አዞረ። ውሃውን እየተሻገሩ መጡና ሾፌሩን መኪናውን አዙር፣ ወደ ታች ነው የምንሄደው አሉት። ሾፌሩ እጆቹን አንስቶ ይለምናል። ሳምንቱን ሙሉ ስፈራው የነበረው ነገር ይኸው ፊቴ ቆመ። ስፈራው እንደነበረው ግን አልፈራሁትም፤ ጊዜ አልነበረኝም።

ከመካከላቸው ጠና ያለው፣ ጢሙን ያሳደገው፣ ጎማው ላይ እግሩን አድርጎ ወጣና ወደ ላይ አየ። ጋቢውን ገለጥኩለት። አላፈርኩም። ልጄ ፊቷ እንደ አመድ ነጥቶ ነበር፤ ግን ዓይኗን ገልጣ አየችው፣ ልብሱን አየች።

«ከሰሜን ነው የመጣችሁት?» አለችው። «ባለቤቴ እዚያ ነበር።»

የባሏን ስምና ያለበትን ጦር ነገረችው። ሰውየው አሰበ፤ በእውነት አሰበ። አላውቀውም አላት። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ስንት ወሯ ነው?» አለኝ።

«ስምንት።»

ከጎማው ወረደ። መሣሪያውን ለአንዱ ሰጠና ለሌሎቹ «ኑ ግፉ» አላቸው። አንዱ አጉረመረመ፤ «እሷ ትሞትብሃለች፣ እኛ በእግራችን እንቀራለን» ሲል ሰማሁት። ጠና ያለው ትከሻውን መኪናው ላይ አደረገ። ያ ያጉረመረመውም መጣ። ውሃው እስከ ወገባቸው ደርሶ ነበር። ጎማው ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ፣ በሦስተኛው ያዘ፤ ወጣን። ወደ ኋላ ሳይ ውሃው ውስጥ ቆመው ያዩናል። የት እንደደረሱ አላውቅም። እናቶቻቸውን አስቤ ጸልያለሁ።

ጂንካ ስንገባ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ከብት ይግጣል፤ አውሮፕላን ከመጣ ሰንብቷል። ሱቆች ተዘግተዋል። ሐኪም ቤቱም ሰው ጥሎት ሄዶ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ ያን ሰዓት መጣብኝ፤ እስከዚያ አላሰብኩትም ነበር። እንዴት እንዳላሰብኩት እንጃ። በሩ ጋ ነጭ የለበሰች አዋላጅ ቆማ ሳይ አልቅሼ ልወድቅ ነበር። ወረቀቱን ከደረቴ አውጥቼ ሰጠኋት፤ በላብ ርሷል። አንዱን ዓይኗን ልጄ ላይ አድርጋ አነበበችው።

«ይኼ የባለፈው ማክሰኞ ነው» አለችኝ። «ለምን ቆያችሁ?»

ባለቤቴ አፉን ሲከፍት ቀደምኩት። «እኔ ነኝ ያቆየኋት» አልኩ።

አልተቆጣችኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄን ይዘዋት ገቡ፤ እኛን ደም ስጡ አሉን። የባለቤቴ አልሆነም፣ የእኔ ሆነ። ክንዴን ዘርግቼ ተኛሁ። አንዲት ልጅ እግር ነርስ የሚሞላውን ጠርሙስ ይዛ ቀስ እያለች ወዲህና ወዲያ ታወዛውዘዋለች። ለምን እንደምታወዛውዘው ጠየቅኋት።

«እንዳይረጋ ነው፣ እናቴ። ከረጋ አይሆናትም» አለችኝ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። እዚህ ደግሞ የሚገድለው መርጋቱ ነው። ነርሷን «በርቺ፣ አወዛውዢው» አልኳት። ሳቀችብኝ፤ ደግነቷ ነው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ባለቤቴ እዚያ ተቀመጠ፣ እኔ መሬት። ሾፌሩም አልሄደም። መኪናውን ዛፍ ሥር አቁሞ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሂድ እንጂ ስለው «ቆይ እንጂ እትዬ፣ ይዤ መጥቼ ሳልሰማ እሄዳለሁ?» አለኝ። ጸሎት ልጀምር እልና ቃል ይጠፋኛል። «ጌታ ሆይ» እልና እቆማለሁ። ምን እንደምለምነው እንኳ ግራ ገባኝ፤ አርጋት ልበል ወይስ አንሳት ልበል? በመጨረሻ በአሪኛ ብቻ ለመንኩት። በልጅነቴ ቋንቋ፣ አትውሰዳት አልኩት፤ ያ ግልጽ ነው።

ባለቤቴ በመካከል ጎንበስ ብሎ፣ «ያን ቀን መኪናው ሲያልፍ እኔም ዝም ብያለሁ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ራሴን ጉልበቱ ላይ አስደገፍኩ።

በሩ የተከፈተው ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ነው። አዋላጇ ናት። ግንባሯ ላይ ላብ አለ፣ ፊቷ ደክሟል፤ ብዙ ያየች ሴት የምታውቀው ፊት ነው፣ ክፉ ይዛ የምትመጣ ሴት እንዲያ ቀጥ ብላ አታይም።

«ሁለቱም አሉ» አለችን። «ሕፃኑ ትንሽ ነው፣ ግን ይጮኻል። ግቢና እይ።»

ገባሁ። ልጄ አልጋው ላይ ናት። ከንፈሯ ነጭ ነው፣ ግን ይንቀሳቀሳል። ደሜ ከጠርሙሱ በቀጭን ቱቦ ወደ እሷ ይወርዳል። ከጎኗ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የወንድ ልጅ ፊት፤ ከመዳፌ የማይበልጥ። አፉን ከፍቶ እንደ ድመት ግልገል ያለቅሳል። ነካሁት። ማንም አትንኪ አላለኝም።

«እማዬ፣ አሁን ተኚ። አይተሽዋል» አለችኝ ልጄ።

ከአልጋው ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ጋቢዬን አንጥፌ ጋደም አልኩ። የሕፃኑን ለቅሶ እየሰማሁ፣ ስድስት ሌሊት ያልመጣልኝ እንቅልፍ ሲመጣ ተሰማኝ። ከመተኛቴ በፊት ጮክ ብዬ፣ ራሴ እንድሰማው ብዬ ተናገርኩት። «ደርሰናል። ልጄ ድናለች፣ ልጇም ድኗል። ደህና ነን።»